ያልተተፋ ምራቅ

ብርጭቆው በደንብ ታጥቧል። አያ አንሙት በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው አመጡትና ከደጃፉ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። አፉ ላይ ቀይ መስመር የዞረበት የሻይ ብርጭቆ ነው። ታየች መጀመሪያ ብርጭቆውን፣ ቀጥላ ሽማግሌውን፣ ከዚያም ከሽማግሌው ጀርባ ከባሕር ዛፉ ሥር የቆሙትን አምስት ወንዶች አየች። ከአምስቱ አንዱ የታመመችው ልጅ አባት አድማሴ ነበር። ጠብመንጃውን እንደ ወትሮው ትከሻው ላይ አላንጠለጠለውም፤ በሁለት እጁ ይዞታል።

«እንትፍ በይበት፣ ታየች» አሉ አያ አንሙት ዝግ ባለ ድምፅ። «ሌላ የምንጠይቅሽ የለም። ልጅቱ ትነሣ፣ አንቺም ወደ ሥራሽ ተመለሽ።»

ወደ ሥራሽ አሉ። ሽማግሌው አላወቁም እንጂ ከዚያ ቤት ሥራ የሚባል ነገር ከወጣ ሦስት ቀኑ ነው። ባሏ ደመላሽ ወናፉን ፈትቶ፣ መዶሻውንና ጉጠቱን ይጁቤ ላለ ዘመድ ሰጥቷል። እሷም የተረፋትን የሸክላ አፈር ተሸክማ ወደ ቆፈረችበት ጉድጓድ መልሳዋለች፤ ለምን እንዲያ እንዳደረገች ራሷም አታውቅ። ጎጆው ውስጥ የቀረው ሦስት የታሰረ ከረጢትና ከረጢቱ ላይ የተቀመጠችው የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው አመተ ሥላሴ ከአባቷ ጋር ብቻ ነበር።

ዕለቱ ዓርብ ነው። ከአምበር አለፍ ብሎ ከአስፋልቱ ዳር የሹፌሩ የጌቾ ሚኒባስ በሦስት ሰዓት ትጠብቃቸዋለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ባሕር ዳር መግባት አለባቸው። ቅዳሜን እዚያ ዐርፈው፣ እሑድ ንጋት ላይ በሳምንት አንዴ ጣናን በምታቋርጠው መርከብ ይሳፈራሉ፤ የየብሱ መንገድ ከተዘጋ ወር ስላለፈው ወደ ጎንደር የሚያደርስ ሌላ ነገር የለም። ሰኞ ጠዋት ጎንደር ላይ ስማቸው ይጠራል። ይህን ጥሪ ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቀውታል። ተጠርቶ አቤት ያላለ ቤተሰብ ወረፋው ያልፈዋል፤ አቤት ያለው ግን የደመላሽ ታላቅ ወንድም ፈቃዱ ወዳለበት፣ ወደ ኢየሩሳሌም አገር ይሻገራል።

ፈቃዱ በዚያ በክፉው ዘመን በእግሩ ሱዳን ገብቶ፣ ከበረሃው ዳርቻ በመርከብ ሆድ ተጭኖ የወጣ ሰው ነው። በስልክ ሲያወራ ስለ ባሕሩ ስፋት አይተርክም። የሚተርከው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስመልሰው አንድ የማያውቀው መርከበኛ አጠገቡ ተንበርክኮ ግንባሩን ደግፎ እንደያዘለት ነው። አርባ ዓመት አልፎት ዛሬም ያንኑ ይደግመዋል። የጠይብ ግንባር በጎጃም ምድር ማን ይዞ ያውቃል?

ሰዉ በደመላሽ ማረሻ ያርሳል፣ በደመላሽ ማጭድ ያጭዳል፣ በታየች ድስት ወጡን ይሠራል። ገበያ ላይ ድስቱን ከእጇ አይቀበላትም፤ መሬት አስቀምጪው ይላታል፤ ካስቀመጠችው በኋላ አንሥቶ፣ አንኳኩቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ ይወስዳል። ድስቱ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው የሠራው እጅ ነው። ቀን ሰላምታ የሚነፍገውን ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል እያለ ይፈራዋል። አያቶቿ ይህን ሽሽት ተጠመቁ፤ ለልጆቻቸውም ካህን እንኳ የሚቀናባቸውን ስሞች አወጡ። ስሙ ተለወጠ፣ ፍርሃቱ ግን አድራሻውን አልሳተም። በምስጢር የቀረላቸው ቅዳሜ ብቻ ነበር። ዓርብ ማታ እሳት ይጠፋል፤ ታየች እስከ እሑድ እሳት አትጭርም፣ መንገድ አትጀምርም።

አሁን የመጣው ነገር የጀመረው ማክሰኞ ነው። የአድማሴ ልጅ መቅደላዊት፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ከእናቷ ጋር ድስት ልትገዛ መጥታ ነበር። ረቡዕ ትኩሳት ያዛት። ሐሙስ መቃዠት ጀመረች። ዘመድ ተሰብስቦ በሩን ዘጋና ከሰሉ ላይ የሚያፍን ነገር ሁሉ ጨምሮ አጠናት፤ «ማን ነሽ? ከየት ያዝሻት?» እያለም አስለፈለፋት። ልጅቷም «ታየች» አለች። በጭስ ታፍኖ ስም የተጠየቀ ልጅ እኮ የመላእክቱን አለቃም ቢሆን ይጠራል። የእሷ ዕድል ሆኖ በዚያ ሳምንት ያየችው አዲስ ፊት የታየች ነበር።

ታየች ብርጭቆውን ሳትነካ ወደ ጎጆዋ ገባች። ደመላሽ ከበሩ ጀርባ ቆሞ ሁሉን ሰምቷል። ድምፁን ቀንሶ ይለምናት ጀመር። ምራቅ ነው አላት፤ ሰው ቀኑን ሙሉ በከንቱ የሚውጠው ነገር ነው። ትፊና እንሂድ። ሰዓቱን እይው፤ አምስት ሰው ቆሟል፤ አንዱ ታጥቋል። ነገ ከነገ ወዲያ በማትኖሪበት ሰፈር ስምሽ ቢጎድፍ ምን ቀረብሽ? ፈሪ ሰው አልነበረም፤ የጋለ ብረት በባዶ ክንዱ ሲያዞር የኖረ ነው። ግን ሒሳቡ ትክክል ነበርና ታየች የምትመልስለትን ፈለገች።

ያገኘችው እናቷን ነው። እናቷ ዘቢደር ደብረ ወርቅ አጠገብ ሸክላ ትሠራ ነበር። አንድ ጠዋት እንዲሁ ሽማግሌ መጣባት፤ ለሰላም ስትል፣ ለልጆቿ ስትል፣ ተፋች። የጎረቤቱ ልጅ ዳነ፤ ባትተፋም ይድን ነበር። ከዚያ ወዲያ የማን ላም ወተት ብትነሣ ዘቢደር ትጠራ። የማን ሙሽራ ራሷን ብታማት ዘቢደር ትጠራ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞረች ያላደረገችውን አመነች። በዘጠነኛው ዓመት የተፋችበት አንድ ሕፃን ሞተ፤ ቤቷ በዚያው ሳምንት ተቃጠለ።

«እናቴ አንድ ጊዜ ተፋች» አለች ታየች። «ከዚያ በኋላ እስክትሞት አፏ የሷ አልሆነም። እኔ ባሕር የምሻገር ከሆነ ይኸን አፍ ይዤ ነው የምሻገረው።»

እሷ ወደ ውጭ ወጣች፤ ብርጭቆውን ከድንጋዩ አንሥታ ለአያ አንሙት ዘረጋችላቸው። ሽማግሌው እጃቸውን አላነሡም። መልሳ አስቀመጠችውና ልጅቱን ልያት አለች።

የአድማሴ ቤት ከመንደሩ ራስ ላይ ነው። ሰዎቹ ፊትና ኋላ ሆነው ወሰዷት፤ ደመላሽና አመተ ሥላሴ ከረጢቶቹን ተሸክመው ከኋላ ተከተሉ። መንገድ ላይ ያገኟቸው ሴቶች ልጆቻቸውን በቀሚሳቸው ሸፈኑ። አንዷ፣ ባለፈው ዓመት ታየች በጦም ቀን ጎመን ያካፈለቻት ሴት፣ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። ታየች ልትሳደብ ትችል ነበር፤ አፏ ለስድብ ሰንፎ አያውቅም። ግን የታመመችው ልጅ ትቀድም ነበርና ስድቡን ለሌላ ጊዜ አስቀመጠችው።

ቤቱ ገና ጭሱ አልወጣለትም። አለሚቱ፣ የልጅቱ እናት፣ ከመደቡ ጫፍ ተቀምጣ የልጇን እግር ይዛ ነበር። ታየች ስትገባ ልጇን ልትከልል ብድግ አለች፤ ግን ወዴት እንደምትከልላት ጠፍቷት መልሳ ተቀመጠች። ታየች ጎንበስ ብላ እጇን ከመቅደላዊት ማጅራት ሥር ሰደደችና ቀና ልታደርጋት ሞከረች። አንገቷ እንደ እንጨት ደርቆ አልታጠፍ አለ። ልጅቷ ዓይኖቿን ከበሩ ብርሃን ሸሽታ ጨፈነች።

ይህን አንገት ታውቀዋለች። ከሦስት ዓመት በፊት እንዳላማው የሚባለው የዘጠኝ ዓመት ልጇ አንገቱ እንዲሁ ተገትሮ ነበር። በሸክም ማርቆስ ሆስፒታል አድርሰውት፣ ሐኪሙ ማጅራት ገትር ነው፣ ግማሽ ቀን ብትቀድሙ ኖሮ ብሏት ነበር። ያ ግማሽ ቀን ሦስት ዓመት ሙሉ አብሯት ተኝቶ አብሯት ተነሥቷል። ልጇ ሲቀበር ማን በላው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የጠይብ ልጅ የሚበላ ቡዳ እስካሁን አልተገኘም።

ቀና አለች።

«አልተፋም» አለች። «ልጅሽን የያዛት ማጅራት ገትር ነው፣ አለሚቱ። ልጅ ቀብሬበታለሁ፣ አውቀዋለሁ። አስፋልቱ ላይ መኪና ይጠብቀኛል። አሁን ከተነሣን ቀትር ሳይሞላ ሆስፒታል እናደርሳታለን።»

«የምን መኪና?» አለ አድማሴ ከበሩ ላይ። የደመላሽን ከረጢት አየ። «ልትጠፉ ነው?»

ደመላሽ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነበረው። ለሰርግ ነው የሚል፤ ከሳምንት በፊት ተማክረውበታል። አፉን ሊከፍት ሲል ታየች ቀደመችው።

«ልንሄድ ነው። ቤተ እስራኤል ነን። ጎንደር ስማችን ይጠራል፤ ከዚያ ባሕር ተሻግረን ወደ ወገናችን እንሄዳለን። ቡዳ አይደለሁም፣ አልነበርኩም። የሆንኩትን ጠይቀኸኝ ቢሆን ነግሬህ ነበር።»

አትነግረውም ነበር፤ ራሷም ታውቃለች። ያን ቃል ከቤቷ ጣሪያ ውጭ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ምሰሶውን ተደገፈች። ከዚያ አያ አንሙት፣ ዕቃ እንደ ተሰረቀበት ሰው ዙሪያቸውን እያዩ፣ «ልጅሽን እንዳላማውን ክርስትና ያነሣሁት እኔ አይደለሁም ወይ?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት አያ» አለች ታየች። «ሲቀበርስ የት ነበሩ?»

ሽማግሌው በትራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ።

አድማሴ ግን በሩን አልለቀቀም። ልጄን ከበላሽ በኋላ ሬሳዋን ጭነሽ ልትሄጂ ነው አላት፤ ተፊና ሂጂ፤ ሳትተፊ ከዚህ በር የሚወጣ የለም። ጠብመንጃውን አነሣ። በዚያች ቅጽበት ለታየች ሃያ ሁለቱ ዓመት ከዚያች በር መቃን ላይ ተሰቅሎ ታያት። የሚያስፈልገው አንድ ጠብታ ነበር። ጥርሷን ነከሰች።

የተንቀሳቀሰችው አለሚቱ ናት። ሳትናገር ነጠላዋን አነጠፈች፣ ልጇን ጠቅልላ አነሣች፣ ጀርባዋ ላይ አድርጋ በደረቷ ቋጠረች። ልጅቷ እንደ ጠቦት አቃሰተች። አለሚቱ ወደ በሩ ሄዳ ከባሏ ፊት ቆመች።

«ልቀቅልኝ» አለችው።

አድማሴ ሚስቱን አየ፣ ከሚስቱ ትከሻ በላይ ተገትራ የቀረችውን ትንሽ ራስ አየ፣ ገለል አለ።

ጌቾ ከሚኒባሱ ወርዶ ጎማውን እየረገጠ ነበር። የማርቆስ ልጅ ነው፤ አፉ ከሞተሩ ቀድሞ የሚነሣ። ከሁለት ሰዓት በላይ አስጠብቃችሁኛል ብሎ ሊያማርር ጀምሮ የታመመችውን ልጅ ሲያይ ተወው። ከሰፈሩ የተከተለ አንድ ጎረምሳ ቡዳ ጭነህ መኪናህ እንዳይገለበጥ ብሎ ጮኸበት።

«አንተ ደንቆሮ» አለው ጌቾ፣ በሩን እየከፈተ። «ቡዳ ቢሆኑ ጅብ ሆነው በነፃ ይሄዱ የለ እንዴ? ምን ሲሉ ለኔ ይከፍላሉ?»

አድማሴን ግን በጠብመንጃህ አትገባም አለው፤ ኬላ ላይ ሲያዩት ሁላችንንም ይዘውን ይቀራሉ። አድማሴ ጥቂት አንገራገረ። በመጨረሻ መሣሪያውን ተከትለው ለመጡት ለአያ አንሙት ሰጥቶ ባዶ እጁን ገባ፣ የቀረው ቦታም ከደመላሽ ጎን ነበር። ሁለቱ ወንዶች ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ መስኮት እያዩ፣ እስከ ማርቆስ ተጓዙ። አድማሴ ያረሰበት ማረሻ ሁሉ በዚህ ሰው እጅ የተሳለ ነበር።

መንገዱ ዳር ጤፉ ተወቅቶ ጭዱ ተከምሯል። መቅደላዊትን አቅፋ ከኋላ የተቀመጠችው አለሚቱ በየጉድጓዱ ልጇን ወደ ላይ ታነሣለች። ግማሽ መንገድ ላይ ልጅቷ አስመለሳት። አለሚቱ ሁለት እጇ ተይዞ ስትንገዳገድ ታየች ዘወር ብላ የልጅቷን ግንባር በመዳፏ ያዘች። የእናቲቱ ሰውነት ሲኮማተር አየችው። እጇን አላነሣችም፤ አለሚቱም አንሺ አላለቻትም። ግንባሩ እንደ ምድጃ ድንጋይ ይፋጅ ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ አድማሴ ልጁን ታቅፎ ሮጠ። አንዲት ነርስ አንገቷን ገና እንደነካች ጮክ ብላ ሰው ጠራች፤ ባለ ጎማውን አልጋ እየገፉ ወደ ውስጥ ይዘዋት ገቡ። ነገሩ ሁሉ ያለቀው ጌቾ ሞተሩን ሳያጠፋ ነው። ሰባት ሰዓት ሊሆን ነበር። ከማርቆስ ባሕር ዳር ቢቀና አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ የሚቀና መንገድ ደግሞ በዚህ ዘመን የለም። ጌቾ ይህን ሲነግራት ታየች ፀሐይ ከጠለቀች የደረስንበት እንወርዳለን አለችው። ቀልድ መስሎት ደመላሽን ዞሮ አየው። ደመላሽ አልሳቀም። ሚስቱን ያውቃታል፤ ነፃ የምትወጣበትን መንገድ፣ በፍርሃት ሠላሳ ዓመት ያከበረችውን ሰንበት በመሻር አትጀምረውም።

መኪናው ውስጥ ልትገባ እግሯን ስታነሣ ከኋላዋ ስሟ ተጠራ። አለሚቱ ነጠላዋ ተጎትቶ፣ አንድ እግሯ ጫማ አጥቶ፣ ከግቢው ትሮጥ ነበር። ደርሳ ክንዷን ያዘቻት።

«ማንም የለም አሁን» አለቻት፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ለማንም አልናገርም። በልጅሽ ሞት ይዤሻለሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንትፍ በይልኝና ሂጂ።»

የነጠላዋን ጫፍ ዘረጋችላት።

ታየች ልትቆጣ አፏን ከፈተች። እንደዚህ ያለች ሴት ላይ የሚወርድ ቁጣ ግን አጣች። ይህች ሴት መርፌም ጸሎትም ምራቅም ቢሰጧት የምትወስድ እናት ናት፤ እሷም በእንዳላማው ቀን ምራቁን የሚሰጣት ብታገኝ ትወስድ ነበር። ዐውቃ ነው እንጂ ሳታውቅ አይደለም፣ አፏ ውኃ ሞላ። ምላሷ ሥር ተጠራቀመ። የማንም ዓይን አልነበረም። ሁለት እጆች ከፊቷ ተዘርግተው ይጠብቁ ነበር።

ዋጠችው።

«የሚሰጣት መድኃኒት ነው የሚያድናት» አለች። «እኔ ጋ ያለሽ ነገር የለም፣ አለሚቱ። ቢኖር አልነፍግሽም ነበር። ግቢ፤ ልጅሽ ትፈልግሻለች።»

አለሚቱ እጆቿን ቀስ ብላ አጠፈች። ፊቷ ላይ የነበረው ልመና ሲጠፋ በምትኩ የመጣውን ታየች ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

«ብትሞት ደሟ ባንቺ ነው» አለቻት። አልጮኸችም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ በአንድ እግር ጫማ፣ ወደ ግቢው ተመለሰች።

ሚኒባሱ ማርቆስን ለቀቀ። ሁለት ኬላ ላይ ወረዱ፣ ተፈተሹ፣ ወጡ። ደምበጫ ላይ ጌቾ ነዳጅ ሲጨምር ማንም ከመኪናው አልወረደም። ደመላሽ ስልኩን አውጥቶ ለወንድሙ ሊደውል ጀመረና፣ ምን ብሎ እንደሚነግረው ጠፍቶት፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የሚስቱን ክንድ፣ አለሚቱ የያዘችበትን ቦታ፣ ያዘ።

አመተ ሥላሴ ከረጢቱን አቅፋ፣ አገጯን ከረጢቱ ላይ አሳርፋ፣ መንገዱን ታያለች።

«እማ» አለች። «ብትድን ምን ይላሉ?»

«ለቀቀቻት ይላሉ።»

«ብትሞትስ?»

«በልታት ሄደች ይላሉ።»

ልጅቷ አገጯን ከከረጢቱ አነሣች። «ታዲያ ለምን ወሰድናት?»

ታየችን ጥያቄው አልከበዳትም፤ አስገረማት እንጂ።

«ታምማ ነበራ» አለች።

እንጅባራን ሲያልፉ ፀሐይ በግራ መስኮት ገብታ ፊታቸው ላይ አረፈች። ታየች መስታወቱን ከፈተች። ክንዷን አውጥታ ዘረጋችው፤ አራቱን ጣቶቿን ገጥማ ከፀሐይዋ ሥር አስገባቻቸው። ከታች ገና ቦታ ነበረ። ሌላ እጇን ደረበች፤ ሁለት ጣት ገብቶ ተራራው ሆነ። አራት ጣት አንድ ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ልትጠልቅ የቀራት አንድ ሰዓት ተኩል ነበር።

«ስንት ቀረን ጌቾ?»

«ሁለት ሰዓት ግድም፣ እትዬ። ከዚህ ወዲያ ኬላ ከሌለ።»

«ንዳው እንግዲህ» አለች። እጆቿን አላወረደችም።